ዞርኪዬ ጦሳን ሁለት አድርጎ ሲያሳየኝ

ከአጎቴ የደረሰኝ ዞርኪ 4 የፊልም ካሜራ ሰው ሳነሳበት ፊቱን ትቶ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ያጠራል። ሁለት ጥቅል ፊልም በዚሁ ቀለጠ። ጁፒተር 8 ሌንሱን ጠርጥሬ ነበር፤ ለካ በከንቱ አምቼዋለሁ።

የገባኝ ደሴ ከቤታችን በረንዳ ሆኜ ሌንሱን መጨረሻው ርቀት ላይ አድርጌ ወደ ጦሳ ሳይ ነው። በማያው መሀል ባለችው ክብ ውስጥ ተራራው ላይ ያለው ምሰሶ ሁለት ሆኖ ቆሟል። ካሜራው ርቀት የሚያስተካክለው በክቧ ውስጥ የሚታዩትን ሁለት ምስሎች በማግጠም ነው፤ እዚያ ርቀት ላይ ደግሞ መግጠም ነበረባቸው።

ከፊት፣ ከማያው መስኮት አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች። እሷ ክዳን ብቻ ናት። ስፈታት ከውስጥ ሌላ ብሎን ወጣ፤ በሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ ቅንጣት ታህል ሳዞረው ምሰሶዎቹ ተሳስበው አንድ ሆኑ። በጠዋት ሞክሩት፤ ጉም ከወረደ ጦሳም የለ፣ ምሰሶም የለ። ከዚያ በ1 ሜትር ርቀት መጽሐፍ አቁሜ፣ በሜትር ለክቼ አረጋገጥኩ።

እግረ መንገዴን፦ የመዝጊያውን ፍጥነት ፊልሙን ከሳባችሁ በኋላ ብቻ ቀይሩ፤ አለዚያ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል።

በሦስተኛው ጥቅል እማዬን ቡና ስትቀዳ አነሳኋት፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው፣ እስከ f/2 ከፍቼ። ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል፤ ከኋላዋ የዕጣኑ ጭስ ብቻ።