የትዳር ጥቃት ክስና የቤተሰብ ችሎት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ባለጉዳዮችን የሚጎዱ ስህተቶች

በትዳር ውስጥ የተፈጸመ ድብደባ ወይም ዛቻ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ሁለት ጉዳዮችን ይወልዳል። አንደኛው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ይዘውት ወንጀል ችሎት የሚደርሰው የወንጀል ጉዳይ ሲሆን፣ ሌላው ተጋቢዎቹ ራሳቸው በቤተሰብ ችሎት የሚከራከሩበት የፍቺ፣ የልጆች አስተዳደግ፣ የቀለብና የንብረት ጉዳይ ነው። በደሴም በኮምቦልቻም ባለጉዳዮች ከሚሠሯቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት እነዚህን ሁለት መንገዶች ከመቀላቀል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የቤተሰብ ችሎቱ አጥፊውን እንዲቀጣ መጠየቅ ነው። የቤተሰብ ችሎት ማንንም አያስርም፤ ጥቃቱን የሚመለከተው ስለ ፍቺው፣ ስለ ልጆቹና ስለ ካሳ ለሚሰጠው ውሳኔ መነሻ እንደሚሆን ፍሬ ነገር ብቻ ነው። ቅጣት የሚጠየቀው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ነው፤ የዚህ ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደ ጉዳቱ ክብደት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ድንጋጌው ባልና ሚስት ብሎ ስለማይለይ ጥቃት የደረሰበት ባልም አቤቱታ ሊያቀርብበት ይችላል። ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት ደግሞ የማይመለከትን ሕግ መጥቀስ ነው። አዋጅ ቁጥር 213/1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሲሆን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የሁለቱ ሕጎች ይዘት በብዙ ቦታ ቢቀራረብም፣ ከአዲስ አበባ በዘመድ በኩል የመጣ የአቤቱታ ናሙና እንዳለ ተገልብጦ ሲቀርብ ክርክሩን ከመነሻው ያዳክመዋል።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉም የከፋ ነው የምለው ስህተት፣ ሽምግልና እስኪያልቅ ብሎ የአቤቱታን ጊዜ ማሳለፍ ነው። በወሎ የሽማግሌዎችና አበጋር የሚባሉት ባህላዊ አስታራቂዎች ክብር ትልቅ ነው፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሳይቀር የሚያስታርቅ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ባልና ሚስትን ለማስማማት መሞከሩ የሚያስከፋ አይደለም። ሆኖም ከባድ ያልሆነ የአካል ጉዳት በመርሕ ደረጃ በተበዳዩ የግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ነው፤ አቤቱታውም ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል። ሽማግሌ ሲላክ፣ ቀጠሮ ሲተላለፍ፣ «ጾሙ ይለፍ»፣ «ረመዳኑ ይውጣ» ሲባል ሦስት ወር በቀላሉ ያልቃል። እርቁ ከፈረሰ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ የምትሄደው ሴት የምታገኘው መልስ ጊዜው አልፏል የሚል ይሆናል። አቤቱታን በጊዜው አስመዝግቦ ሽምግልናውን ጎን ለጎን ማስቀጠል ይቻላል፤ እርቁ ከሠመረ የግል አቤቱታን ማንሳት ስለሚቻል የሚበላሽ ነገር የለም። ከባድ የአካል ጉዳት ግን በግል አቤቱታ ላይ ያልተመሠረተ ወንጀል በመሆኑ፣ ሽማግሌዎች «ተታርቀዋል» ብለው ስለጻፉ አይዘጋም። ይህን ለሽማግሌዎቹም አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ለበጎ ብለው በዳይን ከሕግ የሚያስመልጥ ውል የሚያስፈርሙ አሉና።

ማስረጃ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች ብዙ ናቸው። በሰውነት ላይ ያለ ሰንበር በጥቂት ቀናት ይጠፋል፤ ስለዚህ ሕክምና ሳያገኙ መቆየት ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወደሚገኝ የመንግሥት ጤና ተቋም ወዲያውኑ መሄድ፣ ለሐኪሙም ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ በትክክል መናገር አለበት። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብሎ በካርድ ላይ ያስመዘገበ ሰው በኋላ ድብደባ ነበር ሲል፣ የራሱ ካርድ ተቃራኒ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። ለፍርድ ቤት የሚሆነው የሕክምና ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ደብዳቤ የሚጠየቅ በመሆኑ፣ ቀድሞ መታከም በኋላ የሚጻፈው ማስረጃ የሚመሠረትበትን መዝገብ ያስቀምጣል። የተቀደደ ልብስ አይታጠብም፤ የዛቻ መልእክት ከስልክ አይጠፋም። ጩኸት ሰምተው የደረሱ ጎረቤቶች፣ አከራይ ወይም የሰፈር ዕድርተኛ ስማቸው ሳይረሳ መመዝገብ አለበት። በወንጀል ችሎት አጥፊነቱ አጠራጣሪ በማይሆን ደረጃ መረጋገጥ ሲኖርበት፣ በቤተሰብ ችሎት ግን የሚያሸንፈው ሚዛን የደፋው ማስረጃ ነው። ስለዚህ በወንጀሉ ነጻ የተባለ ሰው በፍቺው ክርክር ጥፋቱ ሊረጋገጥበት ይችላል፤ የወንጀሉ መዝገብ ተዘጋ ብሎ የቤተሰቡንም ክርክር መተው ተገቢ አይደለም።

አቤቱታ ሲጻፍ ደግሞ «ሁልጊዜ ይደበድበኛል፣ ሰላም ነሥቶኛል» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ይሰፍራል። ዳኛው የሚመረምረው ቀን፣ ቦታ፣ ድርጊትና ያየ ሰው ነው። በፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች የለመዱትን ቅጽ እንዳይደግሙ፣ ባለጉዳዩ ጥቃቶቹን በቅደም ተከተል አስታውሶ በወረቀት ይዞ መሄድ ይኖርበታል፤ የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝርም ከክሱ ጋር አብሮ መያያዝ አለበት። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌ ማስረጃ ይዞ በደሃ ደንብ መክሰስ እንዲፈቀድለት ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ከደጃፉ የሚመለሱ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል።

የአገራችን ሕግ በሌሎች አገሮች እንደሚታየው ጥቃት አድራሹ ከተጎጂው እንዲርቅ የሚያዝ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለውም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ነገር ግን ክፍተት አለ ብሎ ምንም ሳይጠይቁ መቅረት ሌላ ስህተት ነው። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ልጆች ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ቀለብ ማን እንደሚከፍል፣ ንብረቱ በማን እንደሚተዳደርና ከጋራ መኖሪያ ቤቱ ማን እንደሚወጣ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ከቤት የሚወጣው ሲወሰንም የልጆቹ ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ወገን ሁኔታ መታየት አለበት። ጥቃት ያለበት ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው አቤቱታ ላይ መስፈር ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው የሚታሰበው።

«ቶሎ ይለቅ» በሚል ምክር በስምምነት ፍቺ የሚፈርሙም አሉ። በስምምነት ለመፋታት ምክንያቱን መግለጽ አያስፈልግም፤ ጥቃቱም በመዝገቡ ላይ ሳይነሳ ይቀራል። በፍቺው ምክንያት ጥፋተኛ የሆነው ወገን ለሌላው ካሳ እንዲከፍል የሚጠየቅበት ዕድልም አብሮ ይጠፋል። በስምምነቱ ውስጥ ስለ ልጆችና ስለ ቤቱ የተጻፈው ቃል በፍርሃት የተፈረመ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት ለዳኛው መናገር የግድ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ብዙ ቤተሰቦች የሚያምኑበት ቦታ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ መጥሪያ ሲደርስ ዝም ብሎ ቀርቦ መከራከር ከመጀመር በፊት እስማማለሁ ወይስ አልስማማም የሚለውን መወሰን ይገባል። ድብደባውን በወንጀል የመዳኘት ሥልጣን ግን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ስለሌለው፣ ኒካሁ እዚያ ቢፈርስም የፖሊሱ አቤቱታ በራሱ መንገድ ይሄዳል።

የጋብቻ ወረቀት የለኝም ብሎ መተውም የተለመደ ነው። በኮምቦልቻ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በፋብሪካዎቹ ሊሠሩ ከገጠር መጥተው በኪራይ ቤት አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ብዙዎቹ ጋብቻቸውን አላስመዘገቡም። በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሰው ምስክርና በአኗኗር ሊረጋገጥ ይችላል፤ ጨርሶ ጋብቻ ባይኖር እንኳ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር በቤተሰብ ሕጉ የራሱ ውጤት አለው፣ የወንጀል ሕጉም ከላይ እንደተጠቀሰው ይጠብቀዋል።

ልጆችን መሣሪያ ማድረግ ሁለቱም ወገኖች የሚሠሩት ስህተት ነው። እናት ልጇን አባቱ ላይ የሚናገረውን ታስጠናዋለች፤ አባት ልጆቹን ወደ ገጠር ዘመድ ቤት ይወስዳል። ችሎቱ የሚመረምረው ግን ወላጆቹ ማንኛቸው እንደተበደሉ ብቻ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጁን ጥቅም ስለሚያስቀድም፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632 ይህ መርሕ በክልል የቤተሰብ ሕግ ላይ ከሰፈረው ደንብ ሳይቀር እንደሚበልጥ አስረድቷል። ልጁ ድብደባን እያየ ማደጉ በራሱ ጉዳት መሆኑን በማስረጃ ማስረዳት ልጁን ቃል ከማስጠናት ይልቅ ክብደት አለው።

የተከሰሰው ወገንም ስህተት ይሠራል። መጥሪያ አልቀበልም ብሎ መቅረት ጉዳዩ በሌለበት እንዲታይ ያደርጋል፤ ለከሳሽ መደወል፣ ቤተሰቧን ማስፈራራት ወይም የጋራ ንብረትን በችኮላ መሸጥ ደግሞ አዲስ ማስረጃ ያስገኝበታል። ክሱ ሐሰት ነው የሚል ሰው መልሱን በጽሑፍና በምስክር ያቅርብ፤ አውቆ በሐሰት መወንጀል ራሱ ወንጀል ስለሆነ ሕጉ ለእርሱም መንገድ አለው።

በመጨረሻ የሚመጣው ስህተት ፍርዱን የነገሩ መጨረሻ አድርጎ መቁጠር ነው። በቤተሰብ ችሎቱ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ የሚጠይቀው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ቀለብ የተፈረደለት ወገንም ገንዘቡ በራሱ ስለማይመጣ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት አለበት። ከፋዩ የፋብሪካ ወይም የድርጅት ሠራተኛ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ አሠሪው ከደመወዙ እየቀነሰ እንዲከፍል እንዲያዝ መጠየቅ ይቻላል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በእንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ስለሚወስን፣ የቀለቡ መጠን ሲጠየቅ የከፋዩን ትክክለኛ ደመወዝ የሚያሳይ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲመጣ በክርክሩ ወቅት ማስታዘዝ ያስፈልጋል።