የጉድጓዳችንን ናይትሬት እንዴት አወረድነው

ድሬዳዋ ላይ የከርሰ ምድር ውሃን በናይትሬት (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ሲበዛ በተለይ ጨቅላን የሚጎዳ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ውህድ) ከሚበክሉት ዋነኛው ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርገው ፍሳሽ ነው። የግቢያችን ውሃ ሲመረመር በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 50 ነው። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ናይትሬት እንዲያውም ይጠነክራል።

መጀመሪያ በጨው የሚታደስ ሬዚን፣ ማለትም ውሃ የሚያልፍባቸው ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች፣ ሞከርን። ናይትሬቱን ይዞ በምትኩ ክሎራይድ ይለቃል። ይሠራል። ግን ሰልፌት ቦታውን ይሻማዋል፣ ቶሎ ይሞላል። ሲታጠብ የሚወጣው ጨዋማ ፍሳሽስ የት ይደፋ? መልሶ መሬት ከገባ ምኑን ጸዳ!

ስለዚህ ወደ ባክቴሪያ ዞርን። በርሜል ውስጥ ጠጠርና ሰጋቱራ ቀላቅለን ሞላን። ውሃው ከታች ገብቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ኦክስጅን ሲያልቅባቸው ባክቴሪያዎቹ ናይትሬቱን ይተነፍሱታል፤ ሰጋቱራው ምግባቸው ነው። የሚወጣው ናይትሮጅን ጋዝ ነው፣ ያው አየር ላይ ያለው።

ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ውሃው ከቸኮለ ናይትሬቱ መንገድ ላይ ናይትራይት ሆኖ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ለኩ። ቧንቧውን ጠበብ ስናደርገው ከ50 በታች ወረደ። መጀመሪያ የሚወጣውን ቡናማ ውሃ ደፋነው። አሁን ከበርሜሉ በኋላ አሸዋ ማጣሪያና ክሎሪን አለ። ለጨቅላ ወተት ግን አሁንም ሌላ ውሃ እንገዛለን።