የጆሮ ቴርሞሜትር ሲዋሽባችሁ

የጆሮ ቴርሞሜትር ቤታችሁ ካለ ይቺን ልብ በሉ። ልጄን ስለካት አንዴ 36.4፣ ወዲያው ደግሞ 38.1 ሲለኝ ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው። መሣሪያው የሚያነበው ከጆሮ ታምቡር የሚወጣውን ሙቀት ነው። ታምቡሩ ለአንጎል ቅርብ ስለሆነ የውስጡን ሙቀት በደንብ ያሳያል፣ ግን ጫፉ ወደ እሱ ካላነጣጠረ የሚለካው የጆሮውን ቀዳዳ ግድግዳ ነው፣ ያ ደግሞ ቀዝቀዝ ይላል።

ስለዚህ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት፣ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። 1 ዓመት ላልሞላው ወደ ኋላ ብቻ። የተኛበትን ጆሮ ወዲያው አትለኩ፣ ትራስ ያሞቀዋል። ከብርድ ከገባም ትንሽ ይረፍ። ኩክ የሞላው ጆሮ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጫፉ ላይ ያለችውን መስታወትም እዩ፤ የእኔዋ ላይ የጣት አሻራ ነበረባት፣ ያውም የዘይት!

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ በዚህ ባትለኩ ይሻላል። 3 ወር ያልሞላው 38 ከደረሰ ግን ደጋግማችሁ ስትለኩ አትቆዩ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት።