ፋይሎችዎ አልጠፉም፦ የሊኑክስ ማስነሻ ፓርቲሽን ሲመርጡና ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥቁር ስክሪን፣ በላዩ ላይ «ግረብ ሬስኪው» የሚል አንድ መስመር፣ ከጎኑ ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ከዚህ ስክሪን ጋር ሲፋጠጥ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ፋይሎቼ ጠፉ» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አንድም ፋይል አልጠፋም። የተበላሸው ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና ፕሮግራም) እና ግረብ (ከርነሉን ፈልጎ የሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚቀመጡበት፣ ከዲስኩ ጥቂቷን እጅ ብቻ የሚይዝ ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፍል፣ ነው። ፋይል የሚጠፋው ከዚያ በኋላ፣ በድንጋጤ በሚደረግ ጥገና ነው።

አንድ ነገር ከያዝን አብዛኛው ስህተት ይቀርልናል። ይህን ፓርቲሽን ቀድሞ የሚያነበው ሊኑክስ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስ ገና አልተነሳም፤ የሚያነቡት ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ የተባለ ፕሮግራምና ከእርሱ ቀጥሎ ግረብ ናቸው። ዩኢኤፍአይ እንዲያነብ የሚገደደው ፋት የሚባለውን ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት) ብቻ ነው። ግረብ ብዙ ዓይነት ፋይል ሲስተም ቢያውቅም አዲስ የወጣውን ነገር የሚማረው ከሊኑክስ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ምርጫው መመዘን ያለበት በእነርሱ እንጂ በሊኑክስ ችሎታ አይደለም።

ሁለቱን ፓርቲሽኖች እንደ አንድ ማየት

በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የማስነሻው ሥራ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ኢኤስፒ የሚባለው፣ ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው ፓርቲሽን ነው። ሌላው ከርነሎቹ የሚቀመጡበት የቡት ፓርቲሽን ነው። «ኢኤክስቲ4 ከፋት ይሻላል» ብለው ኢኤስፒውን በኢኤክስቲ4 ፎርማት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ኢኤክስቲ4 በእርግጥ የተሻለ ፋይል ሲስተም ነው፤ ማዘርቦርዱ ግን ሊያነበው ስለማይችል ዲስኩን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ለኢኤስፒ ፋት32 ይምረጡ፣ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም።

ተቃራኒውም ስህተት ይፈጸማል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የቡት ፓርቲሽኑን ፋት32 ካደረጉት፣ ያንኑ የከርነል ፓኬጅ በአዲስ ቅጂ ሲተኩ ሥራው መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። ፓኬጅ አስተዳዳሪው አሮጌውን ፋይል ለመጠባበቂያ የሚያቆየው ሃርድ ሊንክ (ለአንዱ ፋይል ሁለተኛ ስም) በመፍጠር ነው፤ ፋት ደግሞ ሃርድ ሊንክ የሚባል ነገር አያውቅም። በአርች ሊኑክስ ላይ ከርነሉን ኢኤስፒው ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ እዚያ ችግር አይፈጥርም። የአንዱን መመሪያ ለሌላው መቅዳት ነው አደጋው።

ከዩኢኤፍአይ በፊት የነበረው አሮጌ ባዮስ ባለው ማሽን ላይ ጂፒቲ የሚባለውን የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ከተጠቀሙ ግረብ 1 ሜጋባይት የሆነች ባዶ ፓርቲሽን ይፈልጋል። እርሷን ፎርማት አያድርጓት፤ ግረብ የሚጽፍባት ያለ ምንም ፋይል ሲስተም ነው።

«አዲሱ ይሻላል» ብሎ መምረጥ

ይህ ስህተት ጥንቁቅ ሰዎችንም ያጠምዳል። የኢኤክስቲ ፋይል ሲስተሞችን የሚፈጥረው የመሣሪያ ስብስብ በ2023 መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 1.47.0 በተባለው እትሙ ሜታዳታ ቼክሰም ሲድ የሚባለውን ባሕርይ ሳይጠየቅ እንዲያበራ ተደረገ። ግረብ 2.06 ግን ይህን ባሕርይ አያውቀውም። አዲስ ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ ተነስተው የቡት ፓርቲሽኑን ፎርማት ያደርጋሉ፤ ከዚያ አሮጌውን ሥርዓት መልሰው ይጭናሉ። ፓርቲሽኑ ከሊኑክስ ሲታይ ፍጹም ጤነኛ ነው። ግረብ ግን «የማይታወቅ ፋይል ሲስተም» ብሎ ይቆማል። ሰውየው ዲስኩ የሞተ መስሎት ሌላ ዲስክ ሊገዛ ይሄዳል።

መፍትሔው እንደገና ፎርማት ማድረግ እንኳን አይጠይቅም። ፓርቲሽኑን ሳያያይዙ (ማውንት ሳያደርጉ) ቱን2ኤፍኤስ በሚባለው መሣሪያ ያንን ባሕርይ ብቻ ማጥፋት ይበቃል። በታኅሣሥ 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ግረብ 2.12 ይህን ችግር አስቀርቷል፤ አሮጌ እትም የያዙ ማሽኖች ግን ዛሬም አሉ። ለቡት ፓርቲሽን የእኔ ምርጫ ተራ ኢኤክስቲ4 ነው። እዚህ ቦታ የሚፈለገው ፍጥነት ወይም ቅጽበታዊ ቅጂ ሳይሆን ሁሉም ሊያነበው መቻሉ ነው።

አጥብቦ መሥራት

ቀድሞ 256 ወይም 500 ሜጋባይት ይበቃ ነበር። አሁን አንድ ከርነል ከኢኒትራምኤፍኤሱ (ሲነሳ ከርነሉ መጀመሪያ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ የፋይሎች ጥቅል) ጋር ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ 1 ጊጋባይት ይስጡት። ከሞላ ደግሞ ፋይሎቹን በእጅ አይሰርዙ፤ ፓኬጅ አስተዳዳሪው አሁንም እንዳሉ ስለሚቆጥር በሚቀጥለው ዝመና ይጋጫል። በኡቡንቱ «አፕት አውቶሪሙቭ» የሚለው ትእዛዝ የማያስፈልጉትን አሮጌ ከርነሎች በሥርዓት ያነሳል።

ከዝመና በኋላ ኃይል ማቋረጥ

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቁ የብልሽት ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ኢኤክስቲ4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ጆርናል (ለውጦች ቀድመው የሚመዘገቡበት መዝገብ) አላቸው፤ ኃይል ሲቋረጥ ሊኑክስ ፓርቲሽኑን ሲያያይዝ ጆርናሉን አንብቦ ያልተጠናቀቀውን ያስተካክላል። ሰዎች «ጆርናል ስላለው አያስፈራም» የሚሉት ለዚህ ነው። ግረብ ግን ጆርናሉን አያስፈጽምም። ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ ያነባል፤ ስለዚህ አሁን የተጻፈው ከርነል ለግረብ የሌለ ወይም ባዶ ፋይል ሆኖ ሊታየው ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው የጥገና ዘዴ በጣም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከፍላሽ ይነሱ፣ የቡት ፓርቲሽኑን አንድ ጊዜ ያያይዙ፣ ከዚያ በሥርዓት ይንቀሉትና ማሽኑን እንደገና ያስነሱ። ሊኑክስ ሲያያይዘው ጆርናሉን ያስፈጽማል፤ ግረብም ከዚያ በኋላ ፋይሉን ያየዋል። ማንኛውንም የጥገና ፕሮግራም ከመጥራትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። ኢኤስፒው ግን ፋት ስለሆነ ጆርናል የለውም፤ እርሱን የሚያስተካክለው ኤፍኤስሲኬ የሚባለው የፋይል ሲስተም መጠገኛ ነው።

ተያይዞ ያለን ፓርቲሽን መጠገን

ኤፍኤስሲኬን በተያያዘ ፓርቲሽን ላይ ማስኬድ ጤነኛውንም ያበላሻል። ሊኑክሱ በአንድ በኩል ይጽፋል፣ ጠጋኙ በሌላ በኩል ያርማል፤ ሁለቱ አይነጋገሩም። ፕሮግራሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሲያስጠነቅቅ «አዎ» አይበሉት።

ከጥገናው በፊት የፓርቲሽኑን ሙሉ ቅጂ ይውሰዱ። 1 ጊጋባይት የትኛውም ፍላሽ ላይ ይገባል፤ ስለዚህ ለአለመቅዳት ምንም ምክንያት የለም። ዲስኩ ራሱ እያረጀ ከሆነ፣ ስማርት የሚባለውን የጤና መረጃውን አይተው መጥፎ ቁጥር ካገኙ፣ ጥገናውን ትተው ዲዲሬስኪው በሚባለው መሣሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። ከዚያ ኤፍኤስሲኬን መጀመሪያ ምንም ሳያርም እንዲያይ ብቻ ያስኪዱት፤ የሚያሳየውን ካነበቡ በኋላ እንዲያርም ይፍቀዱለት።

ለኤክስኤፍኤስ ኤፍኤስሲኬ ምንም አይሠራም፣ ምንም ሳይመረምር በስኬት ይወጣል፤ ትክክለኛው መሣሪያ ኤክስኤፍኤስ ሪፔር ነው። እርሱም ጆርናሉን የሚደመስስ አማራጭ አለው፤ ፓርቲሽኑን ማያያዝ ፈጽሞ አልቻል ካለ በስተቀር አይንኩት። ቢቲአርኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተምም «ቼክ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር «ሪፔር» የሚለውን አማራጭ መጨመር የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

ፎርማት አድርጎ ዩዩአይዲውን መርሳት

ፓርቲሽን እንደገና ፎርማት ሲደረግ መለያ ቁጥሩ (ዩዩአይዲው) ይቀየራል። ሲነሳ የትኞቹ ፓርቲሽኖች እንደሚያያዙ የሚዘረዝረው ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ግን የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ 90 ሴኮንድ ጠብቆ ወደ አደጋ ጊዜ ስክሪን ይገባል። ወይ ኤፍኤስታብን ያስተካክሉ፣ ወይ ፎርማት ሲያደርጉ የድሮውን ቁጥር በትእዛዙ ላይ ይስጡት። ዊንዶውስ ከሊኑክስ ጎን ካለ ደግሞ ኢኤስፒውን ፎርማት ማድረግ የዊንዶውስን ማስነሻ አብሮ ያጠፋዋል።

በሲኤችሩት ውስጥ ቡትን ሳያያይዙ መጠገን

ይህን የማውቀው አንድ ሙሉ ሌሊት ካጠፋሁበት በኋላ ነው። የአንድ ወዳጄን ላፕቶፕ ከፍላሽ አስነስቼ፣ ዋናውን ፓርቲሽን አያይዤ፣ በሲኤችሩት (ከፍላሹ ሆኖ በዲስኩ ላይ ባለው ሊኑክስ ውስጥ እንዲሠሩ በሚያደርገው ትእዛዝ) ገብቼ ከርነሉን እንደገና ጫንኩ። ስህተት የሚል ቃል አልታየም። እንደገና ሳስነሳው ያው ጥቁር ስክሪን። ደገምኩት፣ ያው። ጎህ ሊቀድ ሲል ነው የገባኝ፦ የቡት ፓርቲሽኑን አላያያዝኩትም ነበር፤ ስለዚህ የጫንኩት ከርነል ሁሉ ዋናው ፓርቲሽን ላይ ባለው «ቡት» በሚባል ባዶ አቃፊ ውስጥ ተጠራቅሟል። ግረብ ደግሞ እዚያ ጭራሽ አይመለከትም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ዋናውን ፓርቲሽን፣ በውስጡ ቡትን፣ በቡት ውስጥ ኢኤስፒውን፣ ከዚያ የሥርዓቱን ልዩ አቃፊዎች «ዴቭ»ን፣ «ፕሮክ»ንና «ሲስ»ን አያይዘው ነው ወደ ሲኤችሩት የሚገባው። ከዚያ ግረብን ይጭናሉ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱን ያድሳሉ። ወጥተው ሁሉንም ይንቀሉ፣ ከዚያ የቡት ፓርቲሽኑን ብቻውን እንደገና አያይዘው ውስጡን ይዩት። የዛሬ ቀን ያለው ኢኒትራምኤፍኤስ እዚያ ከተቀመጠ ማሽኑን ያስነሱት።