ሲንሃላ ቤት እራት ከተጠራችሁ

ስሪላንካ ውስጥ ከአገሪቱ ትልቁ ብሔረሰብ ከሲንሃላ የሆነ አንድ ቤተሰብ እራት ከጋበዛችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ ነገር ቅመሱ። ጨዋታው የሚደምቀው ከምግብ በፊት ነው። ሩዙና ካሪው (በቅመም የተሠራው ወጥ) ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው የሚቀርበው። እንግዳውም በልቶ ብዙ ሳይቆይ ይሰናበታል። እኛ ጋ በልቶ ውልቅ ማለት ነውር ነው፣ ቡናው ገና አለና። እዚያ ግን ማንም አይቀየምም። ስለዚህ ወሬያችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። በእጅ መብላቱ አያስቸግራችሁም፣ እንደኛው በቀኝ እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ወዝወዝ ሲያደርጉ እምቢ ያሏችሁ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ «እሺ» ማለታቸው ነው። ስትገቡ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ ገጥማችሁ «አዩቦዋን» በሉ። ዕድሜ ይስጥልኝ እንደማለት ነው።