ቫሪያንስ እንዴት ይጠየቃል? የአሜሪካ የዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ አሠራር

አሜሪካ ውስጥ ከቤትዎ ጎን አንዲት ክፍል ለመጨመር አመለከቱ እንበል። ሕጉ ግድግዳው ከጎረቤት ድንበር 10 ጫማ ይራቅ ይላል። የእርስዎ ፕላን 7 ጫማ ላይ ነው። ፈቃዱን ተከለከሉ። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። ለአካባቢው የዞኒንግ (የት ቦታ ምን፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ደንብ) ይግባኝ ቦርድ አቤት ብለው፣ ለዚያች ቦታ ብቻ ሕጉ እንዲላላ መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ቫሪያንስ ይባላል። ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ መንገዱ ግን ይመሳሰላል።

መጀመሪያ ክልከላውን በጽሑፍ ይቀበሉ። የትኛው አንቀጽ በስንት ጫማ እንደተጣሰ ይታይ። ቀኑንም ይያዙ፤ የኒው ዮርክ ግዛት የታውን (የከተማ አስተዳደር) ሕግ ለይግባኝ 60 ቀን ነው የሚሰጠው።

ከዚያ የጥያቄዎን ዓይነት ይለዩ። የርቀት፣ የቁመት ወይም የስፋት ጉዳይ ከሆነ ተስፋ አለው። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ልክፈት ከሆነ ግን ዳገት ነው። ኒው ዮርክ፣ ቦታው በተፈቀደው አገልግሎት ተገቢ ገቢ እንደማያስገኝ በሂሳብ ማስረጃ አሳዩ ይላል። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ ይህን ዓይነቱን አይፈቅድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ቦርዱ ፊት ቀርቦ ስለራሱ ያወራል። ልጆች ተወለዱ፣ እናቴ ልትመጣ ነው፣ ቤቱ ጠበበን። እውነት ነው፣ አንጀትም ይበላል። ቦርዱ የሚመዝነው ግን መሬቱን ነው። እርስዎ ቤቱን ሸጠው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ቫሪያንሱ ከመሬቱ ጋር ይቀራል። ስለዚህ መሬቱ ይናገር። ከጀርባ ቁልቁለት ካለ ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሱት። ቦታው ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ፣ ቀያሽ ያወጣው ፕላን ላይ በቀይ ያስምሩበት። "ለምን በሌላ በኩል አትሠሩም?" መባልዎ አይቀርም፤ መልሱን ይዘው ይሂዱ። ችግሩን ራስዎ አምጥተውት እንደሆነም ይጠየቃሉ፣ ለምሳሌ ከግቢው ቆርሰው ሸጠው ከነበረ።

ሌላው ጎረቤት ነው። ቦርዱ በዙሪያዎ ላሉ ባለንብረቶች ማስታወቂያ ይልካል። ደብዳቤው ሳይቀድምዎ በራቸውን ያንኳኩ። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው "መስኮቱ ወደ እናንተ ግቢ ያያል፣ ቅር ይላችኋል?" ብለው ይጠይቁ። አንዳንዱ ቅሬታ መስኮቱን ከፍ በማድረግ ብቻ ያልቃል። ከተስማሙ አጭር የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፉ።

በስብሰባው ዕለት ንግግርዎን ያሳጥሩ። ጎረቤት ቢቃወም ከእሱ ጋር እሰጥ አገባ አይግቡ፤ መልሱን ለቦርዱ ይስጡ። የኒው ዮርክ ሕግ፣ ቦርዱ ችግሩን የሚፈታውን ትንሹን ፈቃድ ብቻ ይስጥ ይላል። "8 ጫማ ቢሆንስ?" ቢባሉ ምን እንደሚሉ ቀድመው ያስቡበት። አጥር ማጠር ወይም ዛፍ መትከል ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ድምፁንም ይቁጠሩ፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቦርዱ 5 አባላት ካሉት 4ቱ መስማማት አለባቸው።

ተፈቀደልዎ ማለት ነገ መሠረት ይቆፈራል ማለት አይደለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ውሳኔው በከተማው ጽሕፈት ቤት ከገባ በኋላ ተቃዋሚ በ20 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ያ ቀን ሲያልፍ ውሳኔውን የንብረት መዝገብ ላይ ያስመዝግቡት። ግንባታውንም አያዘግዩ፤ ብዙ ቦታ ቫሪያንስ በጊዜው ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል።