ገጽ 24 ላይ ሌላ ነገር ሲገኝ፦ የማጣቀሻ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቃሊቲ ላለ አንድ ፋብሪካ የማሽን መመሪያ በማይክሮሶፍት ወርድ አዘጋጃለሁ። አንዱ ቅጂ ታትሞ ማሽኑ አጠገብ ይቀመጣል። ሌላው በስልክ ይነበባል። አንድ ቀን የጥገና ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ቺንጋውን ከመፍታትዎ በፊት ገጽ 24ን ይመልከቱ» የሚል ማጣቀሻ አለበት። ገጽ 24 ላይ ያለው ግን ስለ ግራሶ ነው። ብሬከሩን አውርዱ የሚለው ገጽ 26 ላይ ነበር። እጁን ማሽን ውስጥ ለሚያስገባ ሰው ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም።

ቁጥሩ ከገጹ ጋር አይገጥምም

ወይ ቁጥሩን በእጃችሁ ጽፋችሁታል፣ ወይ አልታደሰም። ወርድ እነዚህን ቁጥሮች ሁልጊዜ በራሱ አያድስም። «ሪፈረንስስ» ውስጥ «ክሮስ-ሪፈረንስ»ን ከፍታችሁ ርዕሱንና «ፔጅ ነምበር»ን ምረጡ። ርዕሱ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ያደመቃችሁት ብቻ ነው ማለት ነው፤ የ«ሄዲንግ» ስታይል ስጡት። ከማሳተማችሁ በፊት ኮንትሮልና ኤ፣ ቀጥሎ ኤፍ9 ተጫኑ። የግርጌ ማስታወሻና ቴክስት ቦክስ ውስጥ ያለው በዚህ አይታደስም። እዚያው ገብታችሁ ለብቻው አድሱት።

ቤት ልክ ነበር፣ ማተሚያ ቤት ተበላሸ

እኔን በጣም ያደከመኝ ይሄ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ የእኔ የአማርኛ ፊደል አልተጫነም። ወርድ በሌላ ተካው፤ መስመሩ ረዘመ፣ ገጾቹ ተገፉ። ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፊደል የምትጠቀሙ በተለይ ልብ በሉ። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ ሁሉም ማሽን ላይ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ፊደሉና ገጾቹ እንዳይቀየሩ ለማተሚያ የምትሰጡት ፒዲኤፍ ይሁን።

«ኤረር! ሪፈረንስ ሶርስ ኖት ፋውንድ»

ማጣቀሻው የሚያመለክተው ርዕስ ተሰርዟል። ርዕሱን አጥፍታችሁ እንደገና ብትጽፉትም ያው ነው፤ ከጀርባው ያለው ስውር ምልክት አብሮ ጠፍቷል። ስክሪን ላይ ደህና መስሎ ሲታተም ብቻ ሊወጣም ይችላል፤ ምክንያቱም ወርድ በሚያትምበት ጊዜ ሊያድሰው ይችላል። ማጣቀሻውን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አስገቡት። ካደሳችሁ በኋላ «ኤረር» የሚለውን ቃል በመፈለጊያው ሰነዱ ውስጥ ፈልጉ።

ወረቀት ላይ «እዚህ ይጫኑ»፣ ስልክ ላይ «ገጽ 26»

አንዱ ጽሑፍ ለሁለቱም ሲገለበጥ የሚመጣ ነው። ወረቀት አይጫንም፤ ስልክ ላይ ደግሞ በገጽ ቁጥር መፈለግ አይመችም። የርዕሱን ስም ጻፉ፦ «‹ኃይል ማቋረጥ› የሚለውን ይመልከቱ»። ለወረቀቱ የገጽ ቁጥር ጨምሩበት፣ ለስልኩ ሊንክ አድርጉት። ፒዲኤፉን ስታወጡም «ሴቭ አዝ»ን ተጠቀሙ። በ«ፕሪንት» በኩል ካወጣችሁት ሊንኮቹ ይጠፋሉ።

አደጋ ያለበት ሥራ ላይ ግን ማጣቀሻ ትቻለሁ። ብሬከሩን አውርዱ የሚለውን ከቺንጋው በፊት፣ እዚያው ገጽ ላይ፣ ደግሜ እጽፈዋለሁ።